ጋራዥ፣ ቴክኒክ ኮሌጅ ወይስ አጭር ኮርስ? በአዲስ አበባ ዳርቻ የመኪና ጥገና ለመማር ላሰቡ የምርጫ መመሪያ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ሰሞን ጋራዤ ደጃፍ የሚቆመው የተበላሸ መኪና ብቻ አይደለም። አባቶችና እናቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ። የሚናገሩት ወላጆች ናቸው፤ ልጁ አቀርቅሮ የጫማውን ጫፍ ያያል። «ትምህርቱ አልሆነለትም፤ እጁ ግን ቀልጣፋ ነው፤ እባክህ አንተ ጋ ይዋልልኝ» ይሉኛል። ከካራ ቆሬ ወደ ዓለም ገና በሚወስደው መንገድ ዳር ጋራዥ ከከፈትኩ 17 ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ በፊት 9 ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ይህን ንግግር ያልሰማሁበት ዓመት የለም፤ በሰማሁት ቁጥርም ያመኛል።

የሚያመኝ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፈተና አለማለፍ ልጁን ደካማ አያሰኘውም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ከመቶ ልጆች 96ቱ ሁሉ ሰነፍ ሊሆኑ አይችሉም። ሁለተኛ፣ የመኪና ጥገና ማንበብ ለማይወድ ሰው የተተወ ሥራ አይደለም። የዛሬ መኪና የኤሌክትሪክ መስመር ንድፍ ማንበብ ይጠይቃል፣ ልኬት ይጠይቃል፣ ስሌት ይጠይቃል። ስለዚህ «እሺ፣ ይዋል» ከማለቴ በፊት ለወላጆች የምነግራቸውን እዚህ ላስፍረው።

መንገዶቹ ብዙ ቢመስሉም ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ጋራዥ ገብቶ በረዳትነት መማር፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቶ በደረጃ መሠልጠን፣ ወይም በግል ማሠልጠኛ አጭር ኮርስ መውሰድ። ሰው ሲያወዳድራቸው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ወር እንደሚፈጁና ስንት ብር እንደሚያስወጡ ነው። እኔ ሦስቱንም የምመዝነው በሌላ ሁለት ጥያቄ ነው። ተማሪው በገዛ እጁ ይፈታል ወይ? ሲፈታስ ለምን እንደሚፈታ የሚነግረው ሰው አለ ወይ? ለሁለቱም «አዎ» የሚል ቦታ ካገኛችሁ ስሙ ጋራዥ ይሁን ኮሌጅ ለውጥ የለውም። ችግሩ አብዛኛው ቦታ ለአንዱ ብቻ «አዎ» ማለቱ ነው።

ጋራዥ

እኔ ያደግሁት በዚህ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ልጀምር።

የመጀመሪያው አለቃዬ ግሩም መካኒክ ነበር። ረዥም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ከጆሮው ያገናኝና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ከዚያ የትኛው ኩሽኔታ እንደተበላ ይናገራል። አይሳሳትም ነበር። ነገር ግን የሞተሩን ታይሚንግ፣ ማለትም ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱ ምልክት ከምልክት የሚገናኝበትን ሥራ፣ የሚያስተካክልበት ሰዓት ሲደርስ ሁልጊዜ «ሂድ፣ ሻይ ግዛ» ይለኛል። ሻዩን ይዤ ስመለስ ክዳኑ ተገጥሟል፣ ቡሎኑ ታስሯል። ሦስት ዓመት ሻይ ገዛሁ። ሦስት ዓመት ዕቃ በናፍጣ አጠብኩ፣ መብራት ያዝኩ፣ ክሪክ ጎተትኩ። ክፉ ሰው አልነበረም። ያቺን ምልክት ካየሁ ነገ ከጎኑ ጋራዥ ከፍቼ እንጀራውን የምሻማው መስሎት ነው።

በአራተኛው ዓመት የማታ ትምህርት ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አንድ ፒስተን ሣለና አራቱን ምት አሳየን፦ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት። ለአራቱ ምት ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ (ክራንክ ሻፍቱ) ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ (ካም ሻፍቱ) አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ስለዚህ የካሙ ጥርሶች የክራንኩ እጥፍ ናቸው። ምልክቶቹ ሳይገናኙ ከተገጠመ ቫልቩ በተሳሳተ ሰዓት ይከፈታል፤ በአንዳንድ ሞተር ላይ ከፒስተኑ ጋር ተጋጭቶ ይጣመማል። ይህን ሁሉ ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ በቃው። ያን ማታ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የሦስት ዓመቱን ሻይ ሳስብ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ይህን የምተርከው ጋራዥን ለማጥላላት አይደለም። በዚያ የማታ ክፍል ከእኔ በተሻለ ፍጥነት የሚገባቸው ልጆች ነበሩ፤ ግን የሚሠራ ሞተር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ጋራዥ የሚሰጠውን ሰሌዳ አይሰጥም። የዛገ ቡሎን ሊበጠስ መቃረቡን የሚያውቀው ክንድ ነው። የጃፓን መኪና ሥር ሲገባ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁጥር መፍቻ፣ የጀርመን ሲሆን ደግሞ 13 ቁጥርም ይዞ መግባት የሚለመደው በመሥራት ነው። መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ተልኮ የፍሬን ሸራ ሲገዛ ኦሪጅናሉን ከተመሳሳዩ በክብደቱ፣ በጠርዙ አሠራርና በካርቶኑ ህትመት መለየት፣ «ትናንት ደህና ነበር» የሚል ደንበኛ ከትናንት ወዲያ መኪናውን ማን ጋ እንደወሰደው በትህትና ጠይቆ ማወጣጣት፣ ለሥራ ዋጋ ቆርጦ ከዋጋው አለመሸሽ፣ ይህ ሁሉ የጋራዥ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ጋራዥ ነው ወደሚለው ይመለሳል። ልጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ግማሽ ቀን ቆማችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ ረዳቶቹን ጠይቁ፦ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? አሁን ብቻችሁን ምን ትሠራላችሁ? ሁለት ዓመት የቆየ ረዳት አሁንም ዕቃ የሚያጥብ ብቻ ከሆነ ያ ቤት ሻይ የሚያስገዛ ቤት ነው። በስድስት ወሩ ዘይትና ፊልትሮ የሚቀይር፣ በዓመቱ የፍሬን ሸራ የሚያስር፣ በሁለት ዓመቱ ፍሪሲዮን (ክላች) የሚያወርድ ከሆነ ግን ደህና ቤት ነው።

ቀጥሎ ወደ መኪናው ሥር ተመልከቱ። መኪና በክሪክ ብቻ ቆሞ ሰው ከሥሩ ከተኛ፣ ሌላ ሳትጠይቁ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መቆሚያ አይደለም። በማንኛውም ሰዓት ሊንሸራተት ለሚችል ክሪክ የልጅ ደረት አይሰጥም። የተቃጠለ ዘይት የት እንደሚደፋም እዩ። በርሜል ውስጥ የሚያጠራቅም ጋራዥና ቦይ ውስጥ የሚለቅ ጋራዥ በሌላውም ሥራቸው ይለያያሉ፤ ቦዩ ደግሞ መጨረሻው ወንዝ ነው፣ አቃቂ ከብቶች የሚጠጡት ውኃ።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ አደገኛ ሥራም አይሰጠውም። «ልጅነቱ ሳያልፍ ይልመደው» የሚለውን ሐሳብ ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ አልወደውም። የ13 ዓመት ልጅ ካምቢዮ ሲያነሳ አይቻለሁ፤ ያ ልጅ አሁን ጎልምሶ ወገቡን ይዞ ነው የሚሄደው።

ከተስማማችሁ በቃል ብቻ አትተዉት። ምን ያህል ጊዜ እንደሚማር፣ የምሳና የትራንስፖርት ምን እንደሚሰጠው፣ ከስንት ወር በኋላ ደመወዝ እንደሚጀምር፣ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሁለት ምስክር አስፈርሙ። ቅን አለቃ አይከፋውም። እኔ ራሴ ወላጅ ወረቀት ሲያወጣ ልጁን በተለየ ዓይን ነው የማየው።

ሰፈራችሁ ምን ይነዳል?

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፤ በዳርቻ ለምንኖር ግን ከኮሌጅ ስም ይበልጣል። በቃሊቲ፣ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም መስመር የሚያልፈው የጭነት መኪና ነው። የሞጆ ደረቅ ወደብና የጅቡቲ መንገድ በዚያ በኩል ነውና አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ ተሳቢ የሚጎትት ሁሉ እዚያ ይቆማል። እዚያ የሚያድግ ልጅ ናፍጣ ሞተር፣ የአየር ፍሬን፣ ባሌስትራና ዲፈረንሻል ቢያውቅ ሥራ ደጁ ላይ ነው። በአያትና በለገጣፎ በኩል የቤት መኪና ይበዛል፤ አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም በብዛት የሚታዩት እዚያ ነው። በእኛ በሰበታና በዓለም ገና፣ በቡራዩና በአሸዋ ሜዳ በኩል ደግሞ ሚኒባሱ፣ አነስተኛው አይሱዙና ባጃጁ ይበዛል። የሚኒባስ ባለቤት አንድ ቀን ሲቆምበት የዕለት ገቢው ይቀራል፤ ስለዚህ ከምሽት እስከ ንጋት ሠርቶ ጠዋት የሚያስነሳለትን መካኒክ አይለቅም።

ጋራዥ ስትመርጡም ሆነ ኮሌጅ ገብታችሁ ለተግባር ልምምድ ስትመደቡ ይህን አስቡ። ለገጣፎ የሚኖር ልጅ የሲኖትራክ ጋራዥ ፍለጋ ገላን ድረስ ሲመላለስ የሚያደክመው መንገዱ ነው።

ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ

የመንግሥት ኮሌጆች ትልቁ ጥቅም ለድኃ ልጅ በር መክፈታቸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ እንጦጦ፣ ምሥራቅና ንፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ኮሌጆች ለብዙ ትውልድ የታወቁ ናቸው። ከቡራዩና ከአስኮ ለሚነሳ ዊንጌት መንገዱ ላይ ነው፤ ከሰበታና ከካራ ቆሬ ለሚነሳ ተግባረ ዕድ ይቀርባል፤ ከአቃቂና ከቃሊቲ ንፋስ ስልክ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬ ተጠቃለው ሸገር ከተማ ከሆኑ ወዲህ ብዙዎቻችን የምንኖርበት አስተዳደር ከአዲስ አበባ ተለይቷል። ስለዚህ መጀመሪያ በራሳችሁ ከተማ ያለውን ኮሌጅ ጠይቁ፤ የምዝገባ ጥሪውንም ከሰው አፍ ሳይሆን ከኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ አንብቡ።

በኮሌጆቹ ሥልጠናው በአብዛኛው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ይሄዳል። አቀራረቡ ሲነደፍ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ነው፤ ከተግባሩም ብዙው የትብብር ሥልጠና በሚባለው፣ ማለትም እውነተኛ ድርጅት ውስጥ እንዲሰጥ ታስቧል። በወረቀት ላይ ይህ ለሁለቱም ጥያቄዎቼ «አዎ» ይላል። በተግባር የሚወስነው የኮሌጁ ወርክሾፕ ነው። ወርክሾፑን ሳታዩ አትመዝገቡ። ለስንት ተማሪ ስንት ሞተር አለ? ሞተሩ ይነሳል ወይስ ተፈትቶ እንደተገጣጠመ ማሳያ ሆኖ ቀርቷል? ካርቡራተር ያለው ብቻ ነው ወይስ በኮምፒውተር የሚታዘዝም አለ? ሠላሳ ተማሪ አንድ ሞተር ከቦ የሚያይበት ክፍል ቲያትር ነው። የፊተኛው ረድፍ ያያል፤ የኋላው ረድፍ የፊተኛውን ጀርባ ያያል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደረጃ 4 የጨረሰ፣ ትሑትና አዋቂ ልጅ ቀጥሬ ነበር። የመርፌ ፖምፓ እንዴት እንደሚሠራ ሲያስረዳ እኔ ራሴ ተማርኩበት። በሁለተኛው ቀን የሃይሉክስ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) እንዲያወርድ ሰጠሁት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሦስት ቡሎን ራስ አጥፍቶ ክብ አድርጎ ጠበቀኝ። የዛገ ቡሎን ሳይለሰልስ፣ ሳይመታ፣ ሳይሞቅ በጉልበት እንደማይፈታ የነገረው አልነበረም። እንዳፈረ ገባኝ። አጠገቡ ተቀምጬ አራተኛውን አብረን ፈታነው። ስድስት ወር ሳይሞላ ጋራዡ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተሻለ ሆነ፤ ምክንያቱም «ለምን» የሚለው አስቀድሞ በጭንቅላቱ ነበር፤ እጁ ብቻ ነበር የቀረው። ከኮሌጅ ወደ ጋራዥ የሚመጣ ልጅ በወራት የጎደለውን ይሞላል። ከጋራዥ ወደ ንድፈ ሐሳብ የሚሄድ ግን፣ እንደ እኔ፣ ዓመታት ሊያባክን ይችላል። ስለዚህ ምርጫ ያለው ሰው ከኮሌጅ ይጀምር እላለሁ፤ ነገር ግን ቅዳሜና የክረምት ዕረፍቱን ጋራዥ እየዋለ።

የብቃት ምዘናውን፣ ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለውን፣ አትናቁት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ትልልቅ ድርጅትና የጥገና ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል የሚጠይቁት እሱን ነው። በጋራዥ ያደጋችሁ ደግሞ ይህን አስተውሉ፦ የ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ከወጣ ወዲህ የሚመዘነው ችሎታ ነው፤ ችሎታው ክፍል ውስጥ የተገኘ መሆን የለበትም። በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ለምዘና መቅረብ ይችላል። አሥር ዓመት ሠርተው አንድ ወረቀት የሌላቸው ጎበዝ ባለሙያዎች አውቃለሁ። ጋራዣቸው የተመዘገበው ወረቀት ባለው በሌላ ሰው ስም ነው፤ ጥል ሲነሳ መፍቻቸውን ይዘው ይወጣሉ።

አጭር ኮርስ

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። «በሦስት ወር ሙሉ መካኒክ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ወላጅ ገንዘቡን ይያዝ። በሦስት ወር ሙሉ መካኒክ አይወጣም፤ እኔ በ26 ዓመት ገና እየተማርኩ ነው።

አጭር ኮርስ የሚጠቅመው መሠረት ላለው ሰው ነው። ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ለሁለት ወር የመኪና ኤሌክትሪክ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የኮምፒውተር ምርመራ ቢማር ገቢው ይለወጣል። መሠረት የሌለው ግን ማሽን ይዞ ይሳሳታል። አንድ ቪትዝ ሦስተኛ እጅ ሆና እኔ ጋ ደረሰች። የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበው ማሽን (ስካነሩ) የሰጠው ኮድ ፒ 0171 ነበር፤ ትርጉሙ በድብልቁ ውስጥ ነዳጅ አንሷል ወይም አየር በዝቷል ማለት ነው። ኮርስ የጨረሰው ወጣት ኮዱን አንብቦ የኦክስጅን ሴንሰሩን አስቀየረ። አልዳነችም። የአየር መለኪያውን አስቀየረ። አልዳነችም። የተበላሸው ከአየር ማጣሪያው የሚወጣው የጎማ ቱቦ ነበር፤ ከታች በኩል ተቀዷል። በእጁ ዳስሶ ቢሆን ያገኘው ነበር። ማሽኑ አልዋሸም፤ አየር በዝቷል ብሏል። የት እንደገባ መፈለግ ግን የሰው ሥራ ነው።

ኮርስ ስትመርጡ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ መኪናው ላይ ሆን ብለው ብልሽት ፈጥረው «ፈልጉ» ይሏችኋል ወይስ ኮድ ማንበብ ብቻ ያሳያሉ?

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

አሁን ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህን ነው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታውቋል። ከዚያ አስቀድሞም ተፈታትቶ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጥ ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ «ልጄ ነገ የማይኖር ሞተር ይማራል ወይ?» የሚል ሥጋት አለ።

ሥጋቱን በሁለት እከፍለዋለሁ። አንደኛ፣ የነዳጅ መኪና ዛሬ መግባቱ ቢቆም በመንገድ ላይ ያለው ነገ አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ ሰው ያለውን መኪና ጠግኖ ይዟል። ኮሮላው፣ ቪትዙ፣ አይሱዙው ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፤ እያረጀ በሄደ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ጥገና ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ምን ይቀንሳል፣ ምን ይተዋል? ካንዴላ የለም፣ የሞተር ዘይት የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ማርሚታ የለም። ጎማ፣ መሪ፣ አሞርዛተር፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬንና ማቀዝቀዣ ግን አሉ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማውና የእግር ዕቃው ቶሎ ይበላሉ፤ ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ኃይል ወደ ባትሪው እየመለሰ ስለሚይዘው ደግሞ የፍሬን ሸራው ይቆያል። እንደ ማንኛውም መኪና ትንሽዋ የ12 ቮልት ባትሪም አለች፤ እኔ ጋ «ሞተ» ተብለው ተጎትተው ከመጡት የብዙዎቹ ችግር የእሷ መተኛት ነበር።

አደጋው ትልቁ ባትሪ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ነው፤ ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ከፍተኛ ቮልት እንደሚያልፍበት ምልክት ነው። ሳይሠለጥኑ ብርቱካናማውን መንካት ሞትን መንካት ነው። የሠለጠነውም ቢሆን ለ1000 ቮልት የተሠራ ጓንት አድርጎ፣ ትልቁን ባትሪ ከመስመሩ የሚለየውን የአገልግሎት መቆራረጫ አውጥቶ፣ አምራቹ የሚያዝዘውን ደቂቃ ጠብቆ፣ ከዚያም በሜትር ለክቶ ዜሮ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይገባበትም። ይህን ጓንት የሌለው ማሠልጠኛ «የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና እናስተምራለን» ካለ ጥላችሁ ውጡ።

እንግዲህ ዛሬ ለሚጀምር ልጅ ምክሬ ይህ ነው፦ ሞተሩንም ይማር፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ግን ኤሌክትሪኩን ያጥብቅ። ቮልት፣ አምፒርና ተከላካይነት (ሬዚስታንስ) እንዴት እንደሚገናኙ ይወቅ። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዞ ከባትሪ እስከ ሞተር ማስነሻው (ሞተሪኖ) ያለውን የቮልት ጉድለት መለካት ይቻል። በላዳ ሽቦ ላይ የተማረው ይህ ትምህርት ነገ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይሠራል። የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሚያስቀምጥ ጋራዥ ካገኛችሁ ልጁን ከእሱ ጎን አስቀምጡት።

የቀሩት ሁለት በሮች

ሞኤንኮ ለቶዮታ፣ ኒያላ ሞተርስ ለኒሳን፣ ማራቶን ሞተር ለሃዩንዳይ እንዳላቸው ያሉ የአስመጪ ድርጅቶች የጥገና ማዕከላት ጥሩ ትምህርት ቤት ናቸው። የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ፣ ትክክለኛው መሣሪያ፣ ቡሎን በልክ የሚያስር መፍቻ ሁሉ አላቸው። ነገር ግን ያለ ማስረጃ የሚገባባቸው ቦታዎች አይደሉም፤ ለኮሌጅ ተመራቂ የሁለተኛ እርከን ግብ ናቸው። ለትብብር ሥልጠና የመመደብ ዕድል ካገኛችሁ ርቀቱን ቻሉት።

ዲግሪ ለሚያስቡ ደግሞ፣ የአውቶሞቲቭ ምህንድስና ጥሩ ትምህርት ነው፤ የሚያዘጋጀው ግን ለመንደፍ፣ ለማስተዳደርና ለማስተማር ነው። ልጁ የሚወደው ዕቃ መፍታት ከሆነ በደረጃ ቢጀምርና ኋላ ቢያሳድገው ይሻላል።

ማን የቱን ይያዝ?

ባለፈው ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ወላጅ መጥተውልኝ ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥቻለሁ።

የመጀመሪያው አባት የሰበታ ሰው ነው፤ ልጁን ለሁለት ዓመት አብልቶ ለማስተማር አቅም አለው። ኮሌጅ ያስገባው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ይዋል አልኩት። እየዋለ ነው።

ሁለተኛዋ እናት ብቻዋን አራት ልጅ ታሳድጋለች፤ የበኩር ልጅዋ ዛሬውኑ የታክሲ የሚያመጣ ሥራ ይፈልጋል። እሱን ኮሌጅ ግባ ማለት በባዶ ሆድ መስበክ ነው። ጋራዥ ተቀበልኩት፤ ግን በወረቀታችን ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ለደረጃ 1 እና 2 ምዘና እንደሚቀርብ፣ ለዚያም በሳምንት ሁለት ቀን በ10 ሰዓት እንደምለቀው ጻፍን። ታይሚንግ ስናስተካክል ማንም ሻይ ሊገዛ አይወጣም።

ሦስተኛዋ ከእናቷ ጋር የመጣች ልጅ ነበረች። እናትየዋ «ለሴት ይከብድ ይሆን?» ብለው በዝግታ ጠየቁኝ። ክብደቱን ማንሻ ያነሳዋል። የሚከብደው መጸዳጃ ቤትና ልብስ መቀየሪያ የሌለው ጋራዥ፣ አፉን የማይቆጣጠር አለቃም ነው። በእውነት ለመናገር በእኛ መስመር ያለው አብዛኛው ጋራዥ፣ የእኔም ጭምር፣ ያን ጊዜ ለሴት ልጅ አልተዘጋጀም ነበር። ኮሌጅ እንድትጀምር፣ ኤሌክትሪኩንና ምርመራውን እንድታጠብቅ መከርኳቸው። እኔም ባለፈው ክረምት በጓሮ በኩል በር የሚዘጋ ክፍል ሠራሁ። ለተግባር ልምምድ ስትመደብ ትመጣለች።

በማንኛውም መንገድ ብትሄዱ ከመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ሦስት ነገር ግዙ፦ ጥሩ ቱታ፣ ጫፉ ብረት ያለው ጫማና የራሳችሁ ቴስተር። መፍቻ ቀስ እያለ ይሞላል። መንጃ ፈቃድም ቀደም ብላችሁ አውጡ፤ የጠገነውን መኪና ነድቶ መሞከር የማይችል መካኒክ ሥራው በግማሽ ይቀራል።

ጋራዥ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ሂዱ። ደንበኛው የሚቸኩልበት፣ ሥራው የሚደራረብበት፣ አለቃው ለረዳቶቹ የሳምንት ገንዘብ የሚሰጥበት ሰዓት ነው። ገንዘቡን እንዴት እንደሚሰጣቸው፣ ቡሎን ለጠፋበት ልጅ ምን ብሎ እንደሚመልስለት ከበሩ ላይ ሆናችሁ አዳምጡ።